እንግዳ ሲገባ አለመነሳት

ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ሰዎች ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የታመመው ጉልበታችሁ ላይሆን ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከዓመት በላይ ምንም ያልበደለኝን ጉልበት ሳሽ፣ በበረዶ ሳቀዘቅዝ፣ በላስቲክ ሳስር ከረምኩ። ታፈሰ እባላለሁ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል ባለችው ቤድፎርድ ውስጥ ከባለቤቴ ከውቢትና ከልጃችን ከሊዲያ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ከኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኞችን በትንሽ አውቶቡስ ወደ ተርሚናል ማድረስ ነበር። ሻንጣ እጭናለሁ፣ እነዳለሁ፣ አወርዳለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እጭናለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ከአውቶቡሱ ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ጠቅ የሚያደርግ ነገር ነበር። ሳርፍ ይተወኛል፣ ስነሳ ይመለሳል። ቀጥሎ ካልሲ ማጥለቅ አቃተኝ። እግሬ ወደ እጄ አይመጣም፣ እጄም እግሬ ላይ አይደርስም። ከመኪና ስወጣ ደግሞ ብሽሽቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ብሽሽት እንግዲህ ለሰው የሚነገር ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ለሐኪምም ሆነ ለሚስቴ "ጉልበቴን" እያልኩ አለፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት፣ ከግሮሰሪ ጎን ያለ ነበር። ጉልበቴን ራጅ አነሱና "ለዕድሜህ ደህና ነው" ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙኝ። ሌላው ሐኪም ከወገብህ ነው አለ፤ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ይሆናል ብሎ ወለል ላይ ተኝቼ የምሠራው እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። ሌላው ጉልበቴ ውስጥ መርፌ ወጋኝ። ለጥቂት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ፤ መድኃኒቱ ይሁን ምኞቴ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመካከሉ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እጁ ያሽራል ወደሚባል ሰው ይዞኝ ሄደ። ሰውየው ጭኔን በቅባት ሲያሽ ቆይቶ "ጅማት ዞሯል" አለና እግሬን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው። ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ብዬ ለውቢት ላስረዳት ብሞክር፣ "ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" ብላ ዘጋችኝ። እሷ ፎርት ዎርዝ የአዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ማታ የእኔን ጉልበት ማሸት ሰልችቷት ነበር።

መጠበቂያ ክፍሎች ሁሉ አንድ ናቸው። ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ በውስጡ ቤት የሚያድሱ ባልና ሚስት፣ ለስላሳና ዝቅ ያለ ወንበር። እኔ ግን ዝቅ ያለ ወንበር ፈራሁ። ተቀምጬ መነሳት እንደማልችል ስለማውቅ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፣ ሰው ሁሉ በትህትና "ተቀመጥ" ይለኛል። ነርሷ ብቅ ብላ ወረቀቱን አይታ መንተባተብ ስትጀምር የእኔ ስም እንደሆነ ይገባኝና ማነከሴን እየደበቅኩ እከተላታለሁ። ይህን ኢንሹራንሱ ይሸፍናል፣ ያንን አይሸፍንም የሚለው ጣጣ ደግሞ ከሕመሙ ባላነሰ አደከመኝ።

ነገሩ የለየለት ከመንገደኞች ጋር መንገድ ላይ እያለሁ ነው። ከፊቴ ያለው መኪና ሲቆም ቀኝ እግሬን ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ ላሻግር ብል ጭኔ አልነሳ አለኝ። ሱሪዬን ከጉልበቴ በላይ ጨምድጄ እግሬን እንደ ዕቃ በእጄ አንስቼ ፍሬኑ ላይ ጣልኩት። ቆምን። ከኋላዬ አንዲት ሴት ስልክ እያወራች ትስቃለች፤ ምንም አላወቀችም። አድርሻቸው ስመለስ ቁልፉን ለአለቃዬ ሰጠሁና ወደ ቤት የሚወስደኝ ሰው ለመንኩ። ቤድፎርድ ውስጥ መኪና የማይነዳ ሰው ቤቱ ታስሮ የተቀመጠ ማለት ነው። ወዴትም ለመሄድ የውቢትን ዕረፍት ወይም የሊዲያን ትምህርት ቤት ማለቂያ መጠበቅ ሆነ ኑሮዬ።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ የፈራሁት ሞትን አልነበረም። የፈራሁት ሌላ ሰው ብብቴ ሥር ገብቶ የሚያነሳኝ ሰው መሆንን ነው። እኔ ታላቅ ሰው ሲገባ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ "ኖር" ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ የምቀበል ሰው ነኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው፤ ሳልነሳ የቀረሁ ቀን ሰው የሆንኩ አይመስለኝም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስነሳ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሴ እግር ብድግ ማለት።

በመጨረሻ ፎርት ዎርዝ ያለ የአጥንት ሐኪም ጋ ደረስኩ። ጉልበቴን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። በጀርባዬ አስተኝቶ፣ ጉልበቴን አጥፎ ወደ ሆዴ አመጣና ተረከዜን ይዞ ወደ ውጭ ገፋ አደረገው። እንዲህ ሲደረግ ጭን በመጋጠሚያው ላይ ወደ ውስጥ መዞር ነበረበት። የእኔ አልዞረም፤ እኔ ግን ጮህኩ። "ጉልበትህ ምንም የለውም፣ ዳሌህ ነው" አለኝ። እንዲገባኝ ብሎ አንድ እጁን ጨብጦ በሌላው መዳፉ ሸፈነው። የጭን አጥንት ጫፉ ኳስ ነው፤ ዳሌ ላይ ደግሞ ያ ኳስ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሰው የሚራመደው፣ የሚጎነበሰው፣ እግሩን የሚያነባብረው ኳሱ እዚያ ውስጥ ስለሚሽከረከር ነው። ሁለቱ እንዳይፋጩ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ነገር ይሸፍናቸዋል። የእኔ ጎድጓዳ ከተፈጥሮዬ ጥልቀት ስላልነበረው ኳሱ ዳር ዳሩን እየፈጨ ሽፋኑን ጨርሶት ነበር። ራጁን አሳየኝ። በግራ በኩል በሁለቱ አጥንቶች መካከል ጥቁር መስመር አለ፤ በቀኝ በኩል የለም።

"ታዲያ ለምን ጉልበቴን አመመኝ?" አልኩት። ዳሌንና ጉልበትን የሚያዳርሱት ነርቮች የጋራ ስለሆኑ አእምሮ ቤቱን ይሳሳታል አለኝ። ስራመድ ወደ ጎን የምወዛወዘውንም ነገር አስረዳኝ። ሰው ሲራመድ አንዱን እግር ባነሳ ቁጥር ለቅጽበት በሌላው ብቻ ይቆማል፤ ያኔ ዳሌው እንዳይዘም የሚይዘው ከዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። የእኔ ጡንቻ ሕመሙን ሲሸሽ ሲሸሽ ሟሽሾ ነበር። ጭኔም ከግራው ቀጥኖ ነበር፤ ከዚያን ቀን በፊት ግን አስተውዬው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሌላ በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት።

ኳሱን ቆርጠው ብረት ተከሉልኝ። ሐኪሙ የገባው ከኋላ፣ በመቀመጫዬ በኩል ነበር። እዚያ ከትልቁ ጡንቻ ሥር ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞሩ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ፤ እነሱን ቆርጦ መልሶ ሰፋቸው። ስፌቱ እስኪጠና ድረስ አዲሱን ኳስ ከኋላ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ሕጉ ከባድ ነበር። ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ ከምትታጠፈው በላይ ወገብህን አትጠፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ጣቶችህን ወደ ውስጥ አታዙር። ስትነሳ የታመመውን እግር ወደ ፊት ዘርግተህ፣ ሰውነትህን ቀጥ አድርገህ፣ በክንድህ ገፍተህ ተነስ። ሦስቱን ክልክሎች አንድ ላይ ካደረግህ ኳሱ ይወጣል ተባልኩ።

በነጋታው ቴራፒስቷ መጥታ ተረከዜን ከአልጋው እንዳነሳ አዘዘችኝ። ጭኔን "ተነስ" አልኩት። አልሰማኝም። አየሁት፤ የእኔው ጭን ነው፣ ጠጉሩም የእኔ ነው፤ የሌላ ሰው ያህል ዝም አለኝ። ግንባሬ በላብ እስኪርስ ታገልኩ። እሷ "ጎበዝ" አለችኝ፤ ምንም ያልተንቀሳቀሰ እግር ይዞ ጎበዝ መባል እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ቤት ስመለስ ከፍ ያለ ወንበር ተገዛልኝ፣ መጸዳጃው ላይ ማሳደጊያ ተገጠመ። ውቢት ሥራ ስትሄድ ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ሊዲያ ነበረች። መጀመሪያ ቀን እግሬን ሸሸግኩባት።

"አባ፣ ኢትስ ኦኬ" አለችኝ ተንበርክካ። "ካልሲ ነው እኮ። ማለቴ፣ አንተ ለእኔ ስንት ታይም አደረግህ።"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ሶ እግርህን ስጠኝ" አለች።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሌሊት ደግሞ በጭኖቼ መካከል ትራስ አስገብተው ያስተኙኛል፤ መገላበጥ አይፈቀድም። በእንቅልፌ ዞሬ ይወጣ ይሆን እያልኩ ጣራ ሳይ አድር ነበር። ከዚያ ፍርሃት የሚያወጣኝ የሌሊት ተራ ሲደርሳት ውቢት ከሥራ ስትመጣ የምትጥለው የቁልፍ ድምፅ ነው። እጇን ግንባሬ ላይ ታደርግና ትሄዳለች።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ከዳላስ፣ ከጋርላንድ፣ ከፎርት ዎርዝ ሾርባውንና ዳቦውን ይዘው ይመጣሉ። ለመጣው ሁሉ "ይቅርታ፣ አልነሳም" እላለሁ። "ኧረ በፍጹም" ይሉኛል። እኩዮቼ ስለነበሩ አልከበደኝም።

አባባ ደምሴ የመጡ ዕለት ግን ሌላ ሆነ። አባባ ደምሴ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሊቀበለን ቃል የገባው ዘመዴ ስልኩን ሲያጠፋ፣ ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርታማቸው ውስጥ መኝታ ክፍላቸውን ለእኛ ለቀው ሳሎን ሶፋ ላይ የተኙ ሰው ናቸው። አባት በሌለን አገር አባት ሆነውናል። ባቡሩ ቤድፎርድ አይደርስም፤ እሳቸው አይነዱም። መኪና ያለው ሰው ሲለምኑ ሰንብተው ኖሯል የመጡት።

ውቢት በሩን ከፈተች። "ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ" የሚለውን ድምፃቸውን ሰማሁ።

አስቤ ቢሆን ኖሮ አልነሳም ነበር። አላሰብኩም። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። እግሬን አልዘረጋሁም፣ በክንዴ አልገፋሁም። ጉልበቶቼን ገጥሜ፣ "ኖር" እያልኩ፣ ጉልበታቸውን ልስም እጥፍ ብዬ ጎነበስኩ። እሳቸው "በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሳ ልጄ" እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ከውስጤ ቋ የሚል ድምፅ ወጣ። ወለሉ ላይ ነበርኩ፤ ፊቴ ከጫማቸው አጠገብ ነው። ቀኝ እግሬ አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞረዋል። የጮህኩትን ጩኸት ሊዲያ እስከ ዛሬ አታነሳብኝም።

አባባ ደምሴ ቆመው ቀሩ። "ገደልኩት" ይላሉ። "በእጄ ገደልኩት።" ውቢት አምቡላንስ ኮል እያደረገች ነው፤ እኔ መሬት ተኝቼ "አባባ፣ ይቀመጡ" እላለሁ። የሚያነሳኝም የሚያስቀምጣቸውም አልነበረም።

ሆስፒታል አስተኝተው፣ ጡንቻው ሲላላ እግሬን ስበው ኳሱን ወደ ቦታው መለሱት። ሐኪሙ በማግስቱ መጥቶ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። አንዴ የወጣ እንደገና መውጣት ይቀለዋል፤ ከደገመ ግን ሌላ ቀዶ ጥገና ነው፣ የተቆረጠ ጡንቻ ዳግመኛ ሲቆረጥ ይደክማል፣ በእግርህ መቆምህን ቃል አልገባልህም አለኝ። ምን ስታደርግ ነው የወጣው ብሎ ሲጠይቀኝ "ሰላም ስል" አልኩት። ወደ ነርሷ ዞሮ አየ፤ መድኃኒቱ ያዘባረቀኝ መስሎታል።

ቤት ስገባ ከወገቤ እስከ ጭኔ በፕላስቲክና በቀበቶ ታስሬ ነው። ውቢት እስከዚያ ቀን ጮኻብኝ አታውቅም ነበር።

"ለሰው ሁሉ አክብሮት አለህ" አለች። "ለእኔስ? ሥራ ቦታ ሰው ሳነሳ እውላለሁ፣ ቤት መጥቼ አንተን አነሳለሁ። እኔ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?"

"ሰውነቴ ነው የተነሳው፣ እኔ አይደለሁም።"

"ኦኬ፣ እንግዲያው ሰውነትህን አስረዋለሁ።"

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። መቀነቷን አውጥታ ከወንበሩ ክንድ እስከ ክንድ ወገቤ ላይ ጠምጥማ ከኋላ ቋጠረችው። ከዚያ በኋላ የመጣ ጠያቂ ሁሉ ታስሬ ነው ያገኘኝ። ወንዶቹ ይስቃሉ፤ ሴቶቹ "እሰይ ውቢት" ይላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ትልቅ ሰው በገባ ቁጥር ግን መቀነቱ ሆዴ ላይ ይጠብቅብኛል። እኔ ሳልፈልግ ጭኔ ይነሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ በሆስፒታል ለምኜው እንቢ ያለኝ ጭን አሁን እንቢ ብለው የማይሰማ ሆነ። እንደዚያ ወራት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። አባባ ደምሴ ደግሞ አልመጡም። ስልክ ስደውል "ደህና ነህ? ተመስገን" ብለው ቶሎ ይዘጋሉ። ጠያቂዎች እንደነገሩን፣ ሰው መጠየቅ ትተዋል፤ "እግሬ ጥሩ አይደለም" ይላሉ አሉ።

ለቴራፒስቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም። "የምታደርገውን አሳየኝ" አለች፤ እንዳልወድቅም በክንዴ ያዘችኝ። እንደሚገባ ሽማግሌ ሆና ፊቴ ቆማ አየች። "ይህን ልከለክልህ አልችልም፤ ብከለክልህም ታደርገዋለህ" አለች። "ስለዚህ እንዴት እንደሚደረግ እንማር።" ጎልፍ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ኳስ ከመሬት የሚያነሱበት ዘዴ አለ አለችኝ። ባልታመመው እግሬ ቆሜ፣ አንድ ነገር በእጄ ይዤ፣ ስጎነበስ የታመመው እግሬ ጣቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ወገቤ ቢወርድም ያኛው ዳሌ አይታጠፍም። መጀመሪያ ስሞክረው የግራ ጭኔ ፊት ተንቀጠቀጠ፣ ወደቅኩ አልወደቅኩ። ያው ነው፤ ጎን ለጎን ስሄድ፣ እግሬን በላስቲክ ስስብ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ስጎነበስ ከረምኩ። የዳሌዬ ጎን ጡንቻ ቀስ በቀስ ያዘኝ። መወዛወዜ ቀነሰ። ማሰሪያው ወለቀ፣ መቀነቱ ተፈታ። ከዚያ ሐኪሙ መኪና መንዳት ፈቀደልኝ፤ እግሬ ከነዳጅ ወደ ፍሬን በራሱ ሲሻገር ግቢያችን ውስጥ መኪናውን አቁሜ አለቀስኩ።

ወደ አውቶቡሱ ሥራ አልተመለስኩም፤ ሻንጣ ማንሳት ቀርቶብኛል። መጀመሪያ የነዳሁት ወደ ቪከሪ ሜዶ ነው። ሳልነግራቸው ሄድኩ፤ ብነግራቸው አትምጣ ይሉኛል። ከዘራዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እግሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ ከዘራውን ተደግፌ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ አልገደሉኝም ልላቸው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠና በሁለት እጃቸው ሶፋውን ገፍተው ይነሱ ጀመር። ቀላል አልነበረም፤ አንዴ ተመልሰው ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ።

"አባባ፣ በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ" አልኩ።

"ኖር" አሉኝ።

በዕድሜዬ ታላቅ ሰው ኖር ብሎኝ አያውቅም። ከመጎንበሴ በፊት ደርሰው ሁለቱን ትከሻዬን ያዙኝ፤ ቀጥ አድርገው ያዙኝ፣ እንዳልታጠፍ። "እንዲህ ቁም" አሉኝ። "እንዲህ ብቻ ቁምልኝ።"

አሁን በደህና እራመዳለሁ። ሐኪሙም ጥሩ ነው ይላል። ጉልበት የሚያማችሁ ዳሌያችሁን አስመርምሩ፣ ብሽሽታችሁንም ለሐኪም ንገሩ፤ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ስትጠይቁ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ከውጭ ሆናችሁ "አትነሳ" በሉት። እኔ ቪከሪ ሜዶ በሄድኩ ቁጥር አባባ ደምሴ ይነሳሉ። እለምናቸዋለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ቶሎ ገብቼ ልቀድማቸው እሞክራለሁ። ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ሶፋውን እየገፉ፣ ይነሱልኛል፤ እኔም በራቸው ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ ተነስተው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።